ከመስቀል በኋላ ተሳፈሪ

እኔ ባሕር አላየሁም። ያደግሁትም፣ የተዳርኩትም፣ ልጆቼን የወለድኩትም ከየካ ሚካኤል በታች ባለው ቁልቁለት ላይ ነው። የማውቀው ውሃ ከተራራው ወርዶ በቤታችን ጀርባ የሚያልፈውን ወንዝ ብቻ ነበር። በበጋ ልጆች ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለሉ ይሻገሩታል። ሐምሌ ሲገባ ግን ሌላ ነው። ጩኸቱ ቤት ውስጥ ያለ ሰው እንዳይደማመጥ ያደርጋል። አንድ ዓመት የጎረቤታችንን ጥጃ ወስዶ ከታች ድልድዩ ሥር ጣላት። ስለዚህ በእኛ ሰፈር ስለ ውሃ የሚታወቀው ሕግ አንድ ነው፦ እስከ መስቀል አትድፈረው፣ ከመስቀል በኋላ እንደ ፈቀድህ።

በዚህ ሕግ ነው ልጄን ወደ ማዕበል ልልካት የነበረው።

ዘመኑ የደርግ ነው። የመጀመሪያ ልጄ በትምህርቷ ጎበዝ ስለነበረች ዕድል ደርሷት ኩባ ሄደች። አውሮፕላን ማረፊያ የሸኘኋት በሁለት ቃል ነው፤ «እሱ ይጠብቅሽ» አልኳት። ከእኔ ይልቅ ባለቤቴ አለቀሰ። እሱ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ሰው ማውረድ የለመደ ሰው ነው እያሉ ወንድሞቹ ብዙ ቀን ቀለዱበት።

ደብዳቤዋ የሚመጣው በባለቤቴ መሥሪያ ቤት የፖስታ ሣጥን ነበር። ሲፈጥን አንድ ወር፣ ሲዘገይ አንድ ወር ተኩል ይፈጅበታል። ደብዳቤ ይከፈታል ስለሚባል ልጄ የቤተ ክርስቲያን ነገር በግልጽ አትጽፍም። መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ «ጎረቤታችንን ሰላም በዪልኝ» ትላለች። ጎረቤታችን ቅዱስ ሚካኤል ነው። እኔም ነጠላዬን ተከናንቤ ሄጄ ሰላምታዋን አደርሳለሁ። እንዲህ ያለ ጎረቤት የሰጠኝ አምላክ ይመስገን።

የመጀመሪያው ዓመት ደብዳቤዋ ሁሉ የሚያሳዝን ነበር። ሙቀቱ፣ ሩዙ፣ ብቸኝነቱ። አንብቤ ስጨርስ ለባለቤቴ ከግማሹ በላይ አልነግረውም። በሁለተኛው ዓመት፣ ግንቦት ሊያልቅ ሲል የመጣው ደብዳቤ ግን ገና ስከፍተው ሌላ ነበር። ገጹ ሞልቶ በጠርዙ ላይ ዞሮ ተጽፎበታል። ልጄ ጓደኞች አፍርታለች። አራት ሆነው በጀልባ ወደ አንዲት ትንሽ ደሴት ሊሄዱ አስበዋል።

ነገሩን በዝርዝር ጽፋልኝ ነበር። ደሴቷ ከወደቡ የሦስት ሰዓት መንገድ ናት። እዚያ የሠራተኞች ማረፊያ ቤቶች አሉ። አገራቸው በረዶ ሲሆን ፈረንጆቹ እየመጡ ይሞሏቸዋል። ሙቀትና ዝናብ ሲሆን ደግሞ የሚመጣ ስለሌለ ቤቶቹ ባዶ ይሆናሉ፤ ያኔ ተማሪ ቢጠይቅ ይፈቀድለታል። ስለዚህ ሰው በማይፈልገው ወቅት መሄድ ነው ብልሃቱ። ነሐሴ ውስጥ ሊሄዱ አስበዋል። አንዷ የእኛ አገር ልጅ ናት፣ ሁለቱ ከአንጎላ። «ሁሉም ጓዙን አዘጋጅቷል» ትላለች፤ «እኔ ግን ያለ ምርቃትሽ ጀልባ ላይ እግሬን አላሳርፍም። እየሳቁብኝ ነው። ቢሆንም ይጠብቁኛል።»

በቤታችን ሳይመረቅ መንገድ የሚወጣ ሰው የለም። ባለቤቴ እንኳ ለአንድ ቀን ናዝሬት ሲሄድ ደጃፍ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ልጄ ይህን ባሕር ማዶ ይዛው ስለሄደች ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን ወዲያው ከበደኝ። አሁን ሂጂ ማለትም አትሂጂ ማለትም የእኔ ሆነ።

ማታ ለባለቤቴ አነበብኩለት። ሰምቶ ሲጨርስ፣

«ጀልባ ፍሬን አለው?» አለኝ።

«እኔ እንጃ።»

«ፍሬን የሌለው ነገር ላይ ልጄን አላሳፍርም። ጻፊና ጠይቂያት።»

ሦስት ቀን አሰብኩበት። የምሠራው በቀበሌው የስፌት ማኅበር ነው፤ የተማሪ ዩኒፎርም እንሰፋለን። መኪናዬን እየረገጥኩ አሰብኩ። አትሂጂ ብላት ትቀራለች፤ አውቃታለሁ። ነገር ግን ከአንድ ዓመት በኋላ የሳቀች ልጅ ናት። እኔ ከዚህ ቁልቁለት የማልወጣ ሰው ነኝ፤ እሷ ግን የፈጣሪን ሥራ ብታይ ምን ከፋኝ? ስለዚህ ፈቀድኩ። ቀኑን ግን ቀየርኩ። የጻፍኩላት እንዲህ ነው፦

«ነሐሴ አይሆንም። በነሐሴ የእኛ ወንዝ እንኳ ሰው ይወስዳል። ባሕር የወንዞች ሁሉ ማደሪያ ነው፤ እንዴት አይሞላ? ፍልሰታም ነው። ከመስቀል በኋላ ተሳፈሪ። ጎረቤታችን ይቅደምሽ። አባትሽ ጀልባ ፍሬን አለው ወይ ይላል።»

ማንንም አልጠየቅሁም። ከመስቀል በኋላ ሰማይ እንደሚጠራ ማን ይጠየቃል?

መልሷ የደረሰኝ በፍልሰታ ጾም ነው። እሺ ብላለች። ትምህርት ተጀምሮ ጥቂት የዕረፍት ቀን ስላላቸው፣ ጉዞው ከመስቀል አንድ ሳምንት በኋላ፣ መስከረም ሃያ አራት ሆኗል። የማረፊያ ቤቶቹ ኃላፊ በዚያ ሳምንት የሚመጣ ማንም የለም፣ የፈለጋችሁትን ክፍል ምረጡ ብሏቸዋል። ባሕር ፊት ለፊት ያለውን፣ በረንዳ ያለውን ወስደዋል። ፍሬኑን ጠይቃ እንደምትጽፍ ለአባቷ ቃል ገብታለች።

እኔ እንዴት ያለ ዕድል ነው ብዬ አመሰገንኩ። አገር ሁሉ ትቶላቸው ባዶ ቤት መገኘቱን እንደ በረከት ቆጠርኩት። ለምን ማንም እንደማይመጣ አልጠየቅሁም።

ከዚያ ስንቅ ማዘጋጀት ጀመርኩ። በነሐሴ መጨረሻ ወደዚያው የምትሄድ ተማሪ ስላገኘሁ ጥቂት ዕቃ ትይዝልኛለች። ዳቦ ቆሎ ጠበስኩ። ረቡዕና ዓርብም ልትበላው ስለምትችል ቅቤ አላስነካሁትም። ከዩኒፎርሙ የተረፈውን የካኪ ቁራጭ ገጣጥሜ ከረጢት ሰፋሁለት፤ አፉ በገመድ የሚጠበቅ አደረግሁት። ባለቤቴ ከረጢቱን አይቶ፣ ይህን ስፌት ማዕበልም አይፈታው አለ። በቀልድ ነው የተናገረው። ቆይቶ ሁለታችንም ያን ቃል አስታወስነው።

መስቀል ዋለ። በማግስቱ ሳሙና ልገዛ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ሽማግሌ ሐጂ ናቸው። በንጉሡ ዘመን በመርከብ ሄደው መካን የተሳለሙ፣ በሰፈሩ ውስጥ ባሕር የረገጡ ብቸኛ ሰው እሳቸው ናቸው። ስኳር ሲመጣ ከሁሉ በፊት ለልጅ እናት የሚያስቀምጡ ደግ ሰው ናቸው። ልቤ ሞልቶ ስለነበር፣ እንደ ልማዴ ሳይሆን ነገርኳቸው፤ ልጄ በስድስት ቀን ውስጥ ባሕር ላይ ትሆናለች አልኩ።

ሐጂ ሳሙናውን ባንኮው ላይ አስቀመጡና አልሰጡኝም።

«ቀኑን የቆረጠው ማነው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ ባሕር የት አየሽ?»

«ወንዙን አውቃለሁ፣ ሐጂ።»

ይስቃሉ ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። ምጽዋ ላይ በአንድ ወር ውስጥ፣ ሰማዩ እንደ መስታወት ጠርቶ ሳለ ነፋስ ከልክሏቸው ብዙ ቀን መቀመጣቸውን ነገሩኝ። ሰማይ መጥራቱና ባሕር መተኛቱ አይገናኙም አሉ። ዝናብ የአገር ነው፣ የየካ ዝናብ ኩባ ላይ አይዘንብም፤ መስቀልም ለእዚያ ባሕር አልተነገረውም።

«ግን እኔ የማውቀው ቀይ ባሕርን ነው» አሉኝ በመጨረሻ፣ ፊቴን አይተው። «ስለ ሌላው በአላህ ስም አልምልም። የአገሩን ሰው ፈልገሽ ጠይቂ። ሎሚ ይዛለች?»

«አልያዘችም።»

«ከተሳፈረች ሎሚ ታሽትት።»

ሳሙናዬን ረስቼ ወጣሁ።

የአገሩን ሰው የት አገኛለሁ አላልኩም፤ አምላክ ቀድሞ አዘጋጅቶልኛል። ማኅበራችን ለአንድ ክሊኒክ ጋውን ይሰፋ ነበርና እዚያ የምትሠራ ኩባዊት ነርስ አውቃለሁ። ወፍራም፣ ሳቂታ ሴት ናት። እኔን «ማማ» ትለኛለች። አማርኛ የለመደችው ከበሽተኛ ስለሆነ የምታውቀው ቃል ሁሉ የሕመም ነው። በማግስቱ ጠዋት ሄጄ ኮሪደሩ ላይ ያዝኳት። በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት የአገርሽ ባሕር እንዴት ነው አልኳት። ወሩን በጣቷ ቆጥራ ወደ ራሷ አገር ወር መለሰችው። ሳቋ ቆመ።

«ያን ጊዜ ባሕር ታሟል፣ ማማ» አለችኝ። «ትኩሳት አለው። ትኩሳቱ ነፋስ ይሆናል።» እጇን በአየር ላይ ክብ አድርጋ አዞረችው። «ይወራጫል። ቤት ይሰብራል።»

«መቼ ይሻለዋል?»

«ኅዳር ሲያልቅ።»

የሚያጽናና ነገር ፈልጋ ትከሻዬን ያዘችና፣ «ሁልጊዜ አይደለም። አንዳንዴ ይተኛል» አለች። እኔ ግን ወደ ቴሌግራም ቤቱ እየሄድኩ ነበር።

ጸሐፊው በወረቀቱ ላይ መልእክቱን እንድጽፍ ሰጠኝ። ሰዎች ረጅም ነገር ጽፈው ሲሰርዙ፣ ሲያሳጥሩ አያለሁ። እኔ አልተቸገርኩም። «አትሳፈሪ። እናትሽ።» ጸሐፊው አየና፣ ይኼው ነው? አለኝ። ይኼው ነው አልኩት። እሱ በፈረንጅ ፊደል ገልብጦ ጻፈው። መቼ ይደርሳል ስለው፣ ከዚህ ዛሬ ይወጣል፣ እዚያ መቼ እጇ እንደሚገባ ግን እኔ አላውቅም አለኝ። እውነተኛ ሰው ስለሆነ አመሰገንኩት።

መስከረም ሃያ አራት መጣ፣ አለፈ። መልስ የለም። ባለቤቴ ሥራ ሄዶ ሲመለስ የመጀመሪያ ጥያቄው እሱ ነበር፤ ኋላ መጠየቁንም ተወ። የቴሌግራሙን ደረሰኝ በደረት ኪሱ ይዞት ይዞር ነበር።

እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነገርም ነበር። ልጄ ነሐሴ ብላ ነበር። ራሷ የመረጠችውን ቀን ያስጣልኳት እኔ ነኝ። እሷ የእናቷን ቃል ይዛ ስትሳፈር ታየኝ።

ጥቅምት አንድ የራጉኤል ዕለት ስለሆነ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቼ እንጦጦ ወጣሁ። ከየካ በኩል ባለው አቋራጭ፣ ባሕር ዛፉን ይዤ ነው የምሄደው። አቀበቱ አጋማሽ ላይ ነፋስ መጣና ዛፉ ሁሉ ከላይ ተንሿሿ። ቆሜ አዳመጥኩት። ባሕር እንዲህ ይሆን የሚጮኸው አልኩ። ደጀ ሰላሙ ስደርስ ስለት ተሳልኩ፤ ልጄ በደህና ከሆነች በእጄ የሰፋሁት መጋረጃ አገባለሁ አልኩ። ብዙ አላወራሁም። እሱ ረጅም ነገር አይፈልግም፤ ሁሉን ያውቃል። ከዚያ ወርጄ ወደ ስፌቴ ሄድኩ።

ጥቅምት አልቆ ኅዳር ገባ። የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ዕለት ቀትር ላይ ግቢ እየጠረግሁ ሳለ ባለቤቴ በር ከፍቶ ገባ። በዚያ ሰዓት ቤት መጥቶ አያውቅም። አውቶቡሱን ለማን ትቶ እንደመጣ እስከ ዛሬ አልነገረኝም። እጁ ላይ ፖስታ አለ። አልከፈተውም።

«ክፈቺው እንጂ» አለኝ።

«እጄን ልታጠብ።»

እጄን ስታጠብ እሱ ፖስታውን ወደ ብርሃን አዙሮ ማኅተሙን እያየ ነበር። በፈረንጅ ቀን መቁጠር ከእኔ ይሻላል። ድምፁ ተቀየረ።

«ስሚ፣ ይኼ ከቀኑ በኋላ የተላከ ነው። ጽሑፉም የራሷ ነው።»

ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ከፈትኩት። ከዚያ በኋላ ያለውን እየሳቅሁ ነው ያነበብኩት።

መስከረም ሃያ አራት ጠዋት አራቱም ጓዛቸውን ይዘው ወደቡ ሄደዋል። ጀልባ ነጂው ሽማግሌ ነው። ዛሬ አልነሣም፣ በዚህ ወርም አልነሣም አላቸው። ለምን በዚህ ሳምንት ማንም ደሴቷን እንዳልያዘ ያኔ ገባቸው። ሽማግሌው፣ ይህን ቀን የመረጠላችሁ ማነው ብሎ ጠየቀ። ልጄ፣ እናቴ ናት አለች። እናትሽ ከየት ናት? ከተራራ ላይ ናት። ሽማግሌው ከተራራ መሆኔን ሲሰማ ሁሉንም ነገር የተረዳ ይመስል ራሱን ነቀነቀ ትላለች።

ጓደኞቿ ሊመለሱ ዞሩ። ልጄ ግን ቆመች። እናቴ ይህን ቀን መርቃዋለች፣ ምርቃት መሬት ወድቆ አይቀርም አለች። ሽማግሌውን ለምና፣ ጀልባዋ በወደቡ ላይ እንደታሰረች ተሳፈሩ። በቀኝ እግሯ ገባች፤ አማተበች። ዳቦ ቆሎዬን ከከረጢቱ እያወጡ በሉ። ለሽማግሌው ሲሰጡት፣ ይኼ የሚበላ ነው ወይስ የጀልባ ሚስማር አለ፤ ቢሆንም እፍኝ ሙሉ ጨረሰ። ጀልባዋ ታስራ እንኳ ትናጥ ስለነበር ከአንጎላ የመጣችው አንዷ አስመለሳት። «ሎሚ ቢኖረን ጥሩ ነበር» ትላለች። ሐጂን በልቤ አመሰገንኳቸው። ከዚያ ሁሉም ወርደው ወደ ትምህርት ቤታቸው ተመለሱ።

በአራተኛው ቀን ነፋሱ መጣ። ሁለት ቀን መስኮት ዘግተው፣ መብራት ጠፍቶ ተቀመጡ። ጀልባዋን ሽማግሌው ቀድሞ ወደ የብስ ጎትቶ ገልብጧት ነበርና ምንም አልሆነችም። ቴሌግራሜ አስተዳደር ቢሮ ተቀምጦ ኖሮ እጇ የገባው ነፋሱ ካለፈ በኋላ ነው። «አንብቤ ግድግዳዬ ላይ ለጠፍኩት» ትላለች።

መጨረሻው ላይ የጻፈችው ይህ ነው፤ በቃሌ ይዤዋለሁ፦

«እማዬ፣ ሽማግሌው እንደነገረን ፈረንጆቹ ከሄዱ በኋላ፣ ነፋሱ ሳይመጣ በፊት መካከል ላይ ጥቂት ሳምንት አለ። ሚያዝያ መጨረሻና ግንቦት ነው። ቤቱም ባዶ ነው፣ ባሕሩም ይተኛል። ስለዚህ ከእንግዲህ ቀኑን ጀልባ ነጂው ይቁረጥ፣ ምርቃቱን አንቺ ላኪ። ሁለቱንም አንቺ አትያዢ። ጎረቤታችንን ሰላም በዪልኝ።»

ባለቤቴ ሁሉንም ሰማና ዓይኑን ጠረገ።

«ስለ ፍሬኑ ምንም አላለችም» አለ።

በማግስቱ የሚካኤል ንግሥ ነበር። ሰላምታዋን በሕዝቡ መሐል ሆኜ አደረስኩ። ከንግሡ በኋላ ሐጂ ሱቅ ገብቼ ነገርኳቸው። አልሐምዱሊላህ አሉና፣ በመስቀል ማግስት የረሳሁትን ሳሙና ከመደርደሪያው ላይ አንሥተው ሰጡኝ። እስካሁን ለብቻው አስቀምጠውልኝ ነበር። ለነርሷም ባሕሩ ሳይወራጭባቸው መቅረቱን ነገርኳት። «ተሽሎታል» አለችና አቀፈችኝ።

በዚያ ዘመን ጨርቅ እንደ ልብ አይገኝም። ለመጋረጃው የሚሆነውን ለማግኘት እስከ ጥር ቆየሁ። በመጨረሻ የሠርግ ቀሚሴን ፈታሁት። ነጩን መሬት አድርጌ፣ ጥለቱን ከዳር ሰፍቼ፣ የካቲት አንድ ቀን ተሸክሜው አቀበቱን ወጣሁ። ባለቤቴ ፈቃድ ወስዶ አብሮኝ መጣ። መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ዐረፈ፤ ተራራ የሚያስወጣው ሞተር ለምዶ ነው። ካህኑ መጋረጃውን ተቀብለው ለማን ነው ሲሉኝ፣ ላልተነሣች ጀልባ ነው አልኳቸው። ምን ማለቴ እንደሆነ ሳይጠይቁ ባረኩት።

ከዚያ ወርጄ ምርቃቱን ጻፍኩ። ቀን አልጻፍኩበትም።

ደሴቷን ያየችው በግንቦት፣ ከፋሲካ በኋላ ነው። ሰኔ ላይ ደብዳቤ መጣ፤ ውስጡ ፎቶግራፍ አለ። አራት ልጃገረዶች ጀልባ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ውሃው ከኋላቸው እንደ ተነጠፈ ሸማ ዝም ብሏል። የካኪው ከረጢቴ በልጄ አንገት ላይ ተንጠልጥሏል፤ ባዶ መሆኑ ያስታውቃል። በሁለት እጇ እንደ መንጠቆ የተቆለመመ አንድ ከባድ የብረት ነገር በገመድ ይዛ ወደ ላይ ታሳያለች፤ ክብደቱ ፊቷን አጨማዶታል።

ባለቤቴ ከእጄ ወስዶ ገለበጠው። ከጀርባው በልጄ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦

«ለአባዬ። የያዝኩት ፍሬኑ ነው። ሞክሬዋለሁ፣ ይይዛል።»

ብዙ አየው። ከዚያ የቴሌግራሙን ደረሰኝ ከደረት ኪሱ አወጣና፣ ፎቶግራፉን በቦታው ከተተው።